የአንበሳው ማኅተምና የአንጓች ስልቻ

ተረት ተረት! ኧረ ድምፃችሁን አውጡ! ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የቆዳ ከረጢት» በሉኝ። ተረት ተረት! እሰይ፣ እንዲያ ነው!

በድሮ ጊዜ፣ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ አንጓች የምትባል አንዲት ባለሙያ ሴት ነበረች። ሙያዋ ስልቻ መሥራት ነው። የታረደች ፍየል ሆዷን ሳትሰነጥቅ ቆዳዋን እንደ ቀሚስ በአንገቷ ታወልቀዋለች። ከዚያ ቆዳውን በእንቧይ አሽታ፣ በእግሯ ረግጣ፣ በእጇ ጎትታ ስታለፋው፣ ወይ ጉድ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። በእሷ ስልቻ ጤፍ የጫነ ሰው አንዲት ፍሬ አይረግፍበትም።

አንድ ዓመት ታዲያ አንዲቷን ፍየሏን ቀበሮ ግራ እግሯን ነከሳት። ቁስሉ ሳይሽር ታረደች። አንጓች ቆዳውን ብታየው ቀዳዳ አለው። ክር ብትፈልግ ክር የለም። ምን ታድርግ? ከቀሚሷ ጥለት ቀይ ክር መዘዘችና በውስጥ በኩል ጥቅም ጥቅም አድርጋ ሰፋችው። በገበያ ቀን አንድ አጋሰስ ነጂ መጥቶ ስልቻዎቿን ሁሉ ጠቅልሎ ገዛ፤ አንዱን ስልቻ በአንድ አሞሌ ጨው። አንጓችም ሐቀኛ ናትና፣ «ወንድሜ፣ ይቺ የተጣፈችው ለእህል ናት፤ ውሃ እንዳትሞላባት» አለችው። «እሺ፣ እሺ» ብሎ ሄደ። እሺ ያለ ሁሉ የሰማ መሰላችሁ?

ዓመት ዞረ። ድልነሳው የሚባል ባለጠጋ ነጋዴ በበቅሎ ሆኖ ከተፍ አለ። ድንኳኑን ገበያው መሃል ተከለና ጮኸ። «ቀልቀሎ! ቀልቀሎ! የባሕር ማዶ ቀልቀሎ! አንበሳ ያለበት ቀልቀሎ!»

እውነትም እያንዳንዱ ቀልቀሎ ላይ በጋለ ብረት የተመታ አንበሳ አለበት። አፉን ከፍቷል፤ ጭራውን ቆልምሟል። ዋጋው? አትጠይቁ! የመጀመሪያዋን የጭቃ ሹሙ ሚስት፣ እሜቴ ሽታዬ፣ በጊደር ገዛች። ባዶዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በገበያው ስታልፍ ተቀማጩ ሁሉ ብድግ አለላት። ለእሷ ይሁን ለአንበሳው፣ ማን ያውቃል? ከዚያ ሌላውም በበጉ፣ በማሩ ይገዛ ጀመር።

ይህን ሁሉ የአንጓች ባል፣ ዋሴ፣ ቆሞ ያያል። ዋሴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ዓይኑ ያየውን ልቡ ይከተላል። ማታ ቤቱ ገባና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንቺ አንጓች፣ ቀልቀሎ ልገዛልሽ ነው።»

«በምን?»

«በ… በቡሬ።»

ቡሬ በሬያቸው ነው። ሁለት በሬ ነው ያላቸው፤ በአንድ በሬ ደግሞ ማንም አርሶ አያውቅም። ዝናቡም ደርሷል።

«አብደሃል? በምን ልናርስ ነው?»

«አንቺ ሴት፣ አንበሳ አለበት እኮ!»

«አንበሳው ቀንበር ይሸከማል?»

ዋሴ አንገቱን ደፋ። «ቃል ሰጥቻለሁ። እጅ ለእጅ ተመታተናል። ቅዳሜ ቡሬን ላስረክበው ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ፤ የሚመልሰው የለም። አንጓች አላለቀሰችም። ቀሚሷን ታጠቀችና፣ «የበሬ ዋጋ ያለው ቆዳ ከሆነ እኔም ልየው» አለች።

ሰኞ ሄደች። ለዋሴ የተያዘችው ቀልቀሎ ለብቻዋ ተሰቅላለች። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተቻት።

«ጌታው፣ እንቧይ እንቧይ ይላል።»

«የባሕር ማዶ ሽቶ ነው፣ እመቤት!»

ማክሰኞ ሄደች። በእጇ አጥፋ ዘረጋቻት። ቆዳው እሺ ብሎ ታጠፈ፤ እሺ ብሎ ተዘረጋ።

«ጌታው፣ አለፋፉን አውቀዋለሁ።»

«እንዴት ታውቂዋለሽ? ባሕር ተሻግረሻል?» ገበያው ሳቀባት።

ረቡዕ ሄደች። ጣቷን ወደ ውስጥ ሰደደች። በቆዳው ግራ እግር በኩል አንድ ነገር ጎረበጣት። አንጓች ጣቷን አወጣች። ከዚያ ፈገግ አለች።

«ጌታው፣ ዋጋዋ ስንት ነው አሉኝ?»

«አንድ በሬ! አንዲት ሰኮና አይቀነስም!»

«እንግዲያው በንጉሥ አምላክ! ዳኛ ፊት ይቅረቡልኝ!»

በንጉሥ አምላክ ከተባለ እግር አይነቃነቅም። ሁለቱም ዋርካው ሥር፣ ጭቃ ሹሙ ፊት ቆሙ። ጭቃ ሹሙ ግንባሩን ቋጠረ፤ የሚስቱ ጊደር ትዝ ብሎታል። እሜቴ ሽታዬም ቀልቀሎዋን አቅፋ ጎኑ ተቀምጣለች።

«አንቺ አንጓች፣ የጨዋ ሰው ዕቃ ታረክሻለሽ አሉ። ተጠንቀቂ!»

«እወራረዳለሁ፣ ጌታዬ!» አለች። «ከተረታሁ ሁለተኛውንም በሬ ይውሰድ። ከረታሁ፣ ለቀልቀሎ ብሎ የተቀበለውን ሁሉ ለየባለቤቱ ይመልስ።»

ዋሴ ጭንቅላቱን ያዘ። «ወይኔ! ወይኔ ሰውየው! ሁለቱንም በሬ!»

ድልነሳው ሳቀ። «ተወራርጃለሁ!»

«እንግዲህ ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ይቺ ቆዳ ከየት መጣች?»

«ከባሕር ማዶ!»

«ሁለተኛ፣ ማን ሠራት?»

«የባሕር ማዶ ንጉሥ ጠቢባን!»

«ሦስተኛ፣ ውሃ ታፈሳለች?»

«አንበሳ ያለባት? ጠብ አይላትም!»

አንጓች ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረች። «ጌታዬ፣ እኔ ባሕር ተሻግሬ አላውቅም። ግን የምታፈስበትን ቦታ ልንገርዎ? በግራ እግሯ በኩል፣ ከጉልበቷ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ውሃ መጣ። ቀልቀሎዋን ሞሉና ዋርካው ላይ ሰቀሏት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ምንም የለም። ዋሴ ዓይኑን ጨፈነ። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ በግራ እግሯ በኩል…

ጠብ።

ጠብ።

ጠብ።

«የአንበሳው ላብ ነው!» አለ ድልነሳው። አያችሁ? ሐሰት የጨነቀው ጊዜ አንበሳ ያልበዋል!

«ይገልበጧት» አለች አንጓች። ውሃውን ደፍተው እንደ ጨጓራ ገለበጧት። በውስጥ በኩል ቀይ ክር፣ ጥቅም ጥቅም ተደርጎ ተሰፍቷል። አንጓች የቀሚሷን ጫፍ ዘርግታ ጥለቱን አሳየች። ክሩ ያው ክር ነው። ጥለቱ ላይ የተመዘዘበት ቦታም እንደ ወለቀ ጥርስ ባዶውን ቀርቷል።

«የቀበሮው ንክሻ ነው፣ ጌታዬ። አምና ለአጋሰስ ነጂው በአንድ አሞሌ ሸጥኳት። ውሃ አትሙላባት ብዬው ነበር፤ እሱ ግን ለእኚህ ጌታ ሲያስረክብ አልነገራቸውም።»

እሜቴ ሽታዬ የራሷን ቀልቀሎ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። «በሞቴ! የኔም እንቧይ እንቧይ ይላል!» ብላ ባሏን በክርኗ ወጋችው።

ጭቃ ሹሙ ከመቀመጫው ተነሣ። «አንተ ሰውዬ! ይህ ስልቻ ነው ወይስ ቀልቀሎ?»

ድልነሳው ምላሱ ተሳሰረ። «ጌታዬ… ያው… ቀልቀሎ ማለት ስልቻ… ስልቻ ማለት ቀልቀሎ…»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ! አህዮቹ ሳይቀሩ አናፉ!

ተፈረደበት። ጊደሯንም፣ በጉንም፣ ማሩንም ለየባለቤቱ መለሰ። ከዚያ ያቺን የተጣፈች ስልቻ ውሃ ሞልተው አሸከሙትና ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞረ። «ስልቻ ነው! ስልቻ ነው!» እያለ ይጮኻል፤ ከኋላው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በበቅሎ የገባው በእርጥብ ሱሪ ወጣ።

ቡሬም ቤቱ ቀረ፣ ከጓዱ ጋር ተጠመደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንጓች ስልቻ በሁለት አሞሌ ይሸጥ ጀመር፤ ገዢውም ይሰለፋል። «ሁለት አሞሌ በዛ» የሚላት ሲመጣ፣ «ውሃ ሙላበት። ካፈሰሰ በነፃ ውሰደው» ትለዋለች። ካፈሰሰ ሞቼ እገኛለሁ! ለሙያ ሲከፈል ማን ይቆጫል?

ዋሴ ግን፣ የዋሴ ነገር፣ ከእርሻ ሲመለስ ጆሮዋ ሥር ተጠጋ። «አንጓችዬ፣ እኛም ትንሽዬ አንበሳ ብንመታበትስ?»

«አርፈህ እረስ!»

ለዚህ ነው እንግዲህ፣ ስሙ ተለውጦ ዋጋው ሰማይ የነካ ዕቃ ስታዩ፣ መጀመሪያ አሽቱት፣ እጠፉት፣ ውስጡን ዳብሱት። ያው ከሆነ ደግሞ ሳቅ በሉና፣ «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» ብላችሁ በሬያችሁን ይዛችሁ ግቡ።

ተረቴን መልሱልኝ፣ ስልቻዬን ቆሎ ሙሉልኝ!