ሽምብራው በማን ስም ይጠራ?

በአንድ ወቅት ምንጃር ላይ ፀሐይ ያለ ልክ ከረረችና፣ አንድ ሽምብራ መንደሩን በስም አወጣጥ አጨቃጨቀው። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ ታክቶኛል!

እትዬ ወርቅአንጥፉ ልጅ ያልወለዱ ባልቴት ነበሩ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሽምብራ ለቅሞ ሲዘራ፣ እሳቸው ከእናታቸው የወረሱትን ቀዩን ከጥቁሩ፣ ደቃቁን ከትልቁ ደባልቀው ይዘሩ ነበር።

«እትዬ፣ ምነው ቢለቅሙት? የገበያ ግርግር አስመሰሉት እኮ!» ይላቸዋል ጎረቤት።

«ሰውስ መልኩ አንድ ነው እንዴ? ዝም ብለህ እለፍ!»

ስንት ዓመት ተሳቀባቸው፤ ዘሩን ግን አልለዩም።

ያን ዓመት ሙቀቱ የመንደሩን ሽምብራ አበባ አረገፈው። የእትዬም ማሳ የተረፈ አይመስልም ነበርና «በሉ ከብት ልቀቁበት» አሉ።

ከብቱ ሲነዳ ጎርፉ የሚባል ሰው በማሳው ሲያቋርጥ ደረሰ። እሸት ለአላፊ አግዳሚ አይከለከልም፤ እሱ ግን አበዛው፣ ሆዳም ነው! እንደ ልማዱ አንዱን ነቅሎ ፈለፈለ፤ ባዶ። ሌላውም ባዶ። ቀጥሎ የነቀለው ግን ፍሬው ጢም ብሏል። ሁለቴ ሦስቴ ወደ አፉ ካለ በኋላ እጁ ቆመ።

«ወይ ጉድ! በዚህ ቃጠሎ ይህቺ እንዴት አፈራች?»

ዱላውን ይዞ ከብቱ ፊት ተገተረ። ነጂዎቹ ቢሰድቡትም ንቅንቅ አላለም። ያፈሩትን ጥቂት የሽምብራ እግሮች እስኪደርቁ ድረስ እዚያው እያደረ ጠበቃቸው። ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ ሳይኖር አንዲት ፍሬ አልነካም። ሆዳም እሸት ጠባቂ ሆነ በሉ!

ዘሩ ጭብጥ አይሞላም። እትዬ አቅም ስላልነበራቸው ለጎረቤታቸው ለትርንጎ ሰጧት። ሰው «በደህናው ጊዜ ዝሪውና ይብዛ» ሲላት፣ እሷ ሆን ብላ በሚያዝያ ቃጠሎ እንዲያብብ በበጋ ዘራችው፤ ውሃ ከወንዝ በጀርባዋ እያመላለሰች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያለችውን ዘር ልትጨርሺ ነው!» ብሎ ባሏ ራሱን ያዘ።

«ዛሬ ካልተፈተነ ነገ ያዋርደናል» አለችው።

ግማሹ ረገፈ። ከቆመው ያገኘችውን ዘር ደግማ ዘራች፤ ደግማ ለፀሐይ ሰጠችው። ከዓመታት በኋላ ሙቀት የማያረግፈው ሽምብራ ጎተራውን ሞላው። በችግሩ ምክንያት ከመንደሩ ጠፍቶ የነበረው ሰርግ እንኳ ተመለሰ!

ይኸኔ የማዶ አገር ሰዎች ዘር ሊወስዱ መጡ። ዘር ደግሞ ከአገሩ ሲወጣ በተሰጠው ስም ነው የሚቀረው። ሽማግሌዎች ስሙን ለመወሰን እትዬን፣ ጎርፉንና ትርንጎን ጠሩ።

«ልጅ የለኝም፤ ስሜን ማን ያስጠራልኝ?» አሉ እትዬ።

«ልጆቼ ‹የሆዳሙ ልጆች› እየተባሉ ነው ያደጉት» አለ ጎርፉ፤ «‹የጎርፉ ሽምብራ› ሲባል ይስሙልኝ።»

ትርንጎ ሳቀች። «እኔ የእገሌ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን የእገሌ ሚስት ነኝ። እስቲ በስሜ የጠራኝ ማነው?»



‹የሦስቱም ይሁን› እንዳትሉኝ! ተሞክሮ ነበር፤ ገበያ ላይ ‹የወርቅአንጥፉ የጎርፉ የትርንጎ ሽምብራ› ብሎ የሚጨርስ ጠፋ። እንግዶቹ አህያቸውን ጭነው አንድ ስም ብቻ ይጠብቁ ነበር። በሉ ፍረዱ፤ ሽምብራው የማን ይባል?