አንድ ዓይን፣ ሦስት ሌንስ

በአንድ ወቅት፣ ጣና ዳር፣ «ዓይኔ ተሳሳተ» ከማለት «ዓለም ተሳሳተ» ማለት የሚቀላቸው ጋሽ እንዳላማው የሚባሉ ሰው ነበሩ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነፍሳቸው ፎቶ ማንሳት ነው። ግራ ዓይናቸውን ልጅ ሳሉ እሾህ ወስዶታል፤ በቀረችው በቀኟ ዓሣ የምታጠምድ አንዲት ትንሽ ወፍ ይከታተላሉ። ዓሣ ይዛ ስትወጣ፣ የክንፏ ጠብታ ሳይረግፍ ሊያነሷት ይመኛሉ። እስካሁን አልቀናቸውም።

አንዴ የጎረቤት ሠርግ አነሡ። ፎቶው ሲታይ የሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ! «ሙሽራዋ ከሐይቅ ነው እንዴ የወጣችው?» ብለው ሚዜዎቹ ሳቁ።

«ዓይናችሁን ታጠቡ!» አሉ ጋሽ እንዳላማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልክ እንደ ካሜራው ዓይናችን ውስጥም ሌንስ አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይደፈርሳል፤ የዓይን ሞራ የምንለው ይኸው ነው። መደፍረስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንደ ከረመ ብርጭቆ ቢጫም ይሆናል። ታዲያ ጋሽ እንዳላማው ነጩ ሁሉ ቢጫ ሲሆንባቸው ጥፋቱን በካሜራው አሳበው፣ ነጭ እስኪመስላቸው ድረስ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ሲያዞሩ ከርመዋል።

ይህን የደረሰችበት ልጃቸው ይታክቱ ናት። የድሮና የአሁን ፎቶዎቻቸውን ደርድራ፣ ሰማያዊው እየበረታ መሄዱን አየች። ወዲያው ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረች። «አባዬ፣ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ካሜራ የለም።»

«ሌባ አሳድጌያለሁ!» እያሉ ሐኪም ቤት ድረስ ተከተሏት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅያ ደግሞ ከዚያ በፊት ዓይን ሆነውላቸው ነበር። ሐይቁ ዳር ፊት ፊት እየሄዱ መንገዱን ያሳያሉ። «ከደንገሉ በስተቀኝ! ኧረ ዝቅ አድርገው!» ይላሉ፤ ባልየው በሚስታቸው ድምፅ ያነጣጥራሉ።

ሐኪም ቤት ዶክተሯ ለሦስቱም አስረዳች። «ሞራውን አውጥተን ሰው ሠራሽ ሌንስ እንተካለን። ሩቁን የሚያጠራ አለ፤ ለቅርቡ መነጽር ያስፈልግዎታል። ቅርቡን የሚያጠራም አለ፤ ለሩቁ መነጽር ነው። ሁለቱንም የሚያሳይ አለ፤ ግን ማታ መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታይዎታል፣ ምስሉም ትንሽ ይደበዝዛል። ያለችዎት ዓይን አንድ ናት፤ እንሞክረው የሚባል ነገር የለም።»

«ሁለቱንም የሚያሳየው ይሁን!» አለች ይታክቱ። «መንገዱንም ታያለህ፣ የመድኃኒትህንም ጽሑፍ ታነባለህ።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የደበዘዘማ መች አጣሁ?»

«የቅርቡ ነው የሚሻለው» አሉ ወርቅያ። «መነጽርህን ስፈልግ ልሙት እንዴ? ከካሜራህ ማያ ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዘውር ስታዞር አይቻለሁ፤ ለደከመ ዓይን ሩቁን እሷ ታጠራለች። ካሜራው ወፏን ይመልከት፤ አንተ እኔን ተመልከት።»

መዘውሯ እውነትም ይህን ትሠራለች። ጋሽ እንዳላማው ግን ከምርመራ አልጋው ላይ ብድግ አሉ።

«ወፏን መጀመሪያ የማገኛት በባዶ ዓይኔ ነው! ካሜራው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺንማ በቃሌ ይዤሻለሁ፤ እሷን ግን አልያዝኳትም።»

«በቃልህ የያዝከው የድሮዋን ነው።»

ይህችኛዋ ወጋቻቸው። ቢሆንም አልተቀመጡም። «የሩቁ ካልሆነ ሞራዬን ይዤ ቤቴ እገባለሁ!»

«ይህቺ ዓይን ሳትጠፋ የደረስኩላት እኔ ነኝ» አለች ይታክቱ።

«ስትደክም ምትኳ እኔ ነበርኩ» አሉ ወርቅያ።

«ይዣት የኖርኩት፣ ይዣትም የምሞተው እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ እንዳላማው።

ዶክተሯ አንዱን አይታ ወደ ሌላው ዞረች። «ተስማሙና ጥሩኝ» ብላ ወጣች።

እንግዲህ ፍረዱ። «ዓይኑ የእሳቸው ነው» ብሎ መገላገል ቀላል ነው፤ ግን ይታክቱ ባትቆልፍ ኖሮ እዚያ አልጋ ላይ አይገኙም ነበር፤ የሚጠፋውንም መነጽር እያጎነበሱ የሚፈልጉት ወርቅያ ናቸው። ደግሞስ ሰው የገዛ ዓይኑ የሚያየውን ካልመረጠ ምን ቀረው? እናንተ ብትሆኑ ሌንሱን መምረጥ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ?