ያልተጨረሰ ስም

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በጃፓን አገር፣ ጠመንጃ ገና በገባበት ዘመን። ጎሄይ ይባላል። ሩዝ ከመትከል በቀር ሌላ ሙያ የለውም።

የአገሩ ገዢ ጠመንጃ አገኘና ተኳሽ አጣ። ሰይፍ መልመድ ዕድሜ ይፈጃል፤ ለጠመንጃ አንድ ወር ይበቃል። ስለዚህ ጎሄይን ከማሳው አንስቶ፣ ጠመንጃና ባሩድ መለኮሻ ክር አስጨብጦ፣ «ተኩስ፤ ለተከላው ትደርሳለህ» አለው። ምስኪን፣ ምን ይበል? እሺ አለ።

በዚያ አገር የጦር ሰው ከመግጠሙ በፊት ወደ ፊት ወጥቶ ስሙን ከነአባት ከነአያቱ ይጠራል፤ ባላጋራውም የራሱን ይመልሳል። ሰይፍ የሚመዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ወጉ የጌቶች ስለሆነ ለጎሄይ ማንም አልነገረውም። ታዲያ ሁለቱ ጦር በተፋጠጠበት ቀን፣ ከጠላት ወገን አንድ ሽማግሌ ጦረኛ ብቻውን ወደ ሜዳው መሃል ወጣ። «እኔ የታዳካጌ ልጅ፣ የ...» ብሎ ሲጀምር፣ ጎሄይ ደንግጦ ተኮሰ።

ሽማግሌው ወደቀ። የጎሄይ ጓደኞች «አበጀህ!» አሉት። እሱ ግን ያ ግማሽ ስም ከጆሮው አልወጣ አለው። አለቃው «ወዴት ነው? ተመለስ!» እያለ ሲጮህበት፣ ጠመንጃውን ጥሎ ሄደና ከሽማግሌው አጠገብ ተንበረከከ።

«ጌታዬ፣ ስምዎን ይጨርሱልኝ» አለ።

«አንተስ ማን ነህ?»

«ጎሄይ ነኝ፣ የሳኪቺ ልጅ። ሩዝ ተካይ ነኝ። የመታሁዎ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ትንፋሹን እንደ ምንም ሰብስቦ፣ «የታዳካጌ ልጅ፣ የሙኔካጌ የልጅ ልጅ፣ ሳዳቶኪ» አለ። «ለልጄ ንገራት።» ይህን ብሎ ሞተ።

ጎሄይም የሽማግሌውን ልጅ ፍለጋ አራት ቀን በእግሩ ተጓዘ። አባቷ ስሙን ማን ብሎ ጠርቶ እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገደለውም ነገራት። አብረው አለቀሱ። ለተከላው አልደረሰም፤ ማሳው ያን ዓመት ጦም አደረ።

እንግዲህ ልጄ፣ «በደብዳቤ ከሥራ ያባረርኩትን ሰው ፊቱን እንኳ አላየሁትም፤ ምን ያስጠይቀኛል?» አልከኝ። ጎሄይስ ቢሆን ከሩቅ አልነበር የተኮሰው? ያንተ ጠመንጃ ብዕርህ ነው። አልፈርድብህም፤ አንተም ታዘህ ይሆናል። ይልቅ ተነስ፣ የሰውየውን ቤት ጠይቀህ ሂድ። ስሙን ከደብዳቤው ላይ ታውቀዋለህ፤ አሁን ከአፉ ስማው። ከዚያ የራስህን ንገረው።