ሽብሩ ከሞተ በኋላ ያገባው ጎል

አንድ ቀን በከተማችን ስታዲየም የሞተ ሰው ጎል አገባ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጎሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሟቹንም ሙት ዓመት ቤቱ ተገኝቼ በልቻለሁ። የከተማዋን ስም ግን አልጠራም፤ የማማውም የማመሰግነውም ሰው ዛሬም በሕይወት ስላለ መንገድ ላይ ሰላምታ መነፋፈግ አልፈልግም።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባችሁ ስለ ሬዲዮ ጣቢያችን ሰዎች ትንሽ ላውራ። መጀመሪያ የእሁዱን ጨዋታ የሚያስተላልፉልን አቶ ኅሩይ ነበሩ። ነፍሴ ትወዳቸዋለች። እሳቸው ዘንድ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር የለም፤ «ኳሷ በመናኸሪያው በኩል ናት፤ አሁን ወደ ወፍጮ ቤቱ ተሻገረች» ነው የሚሉት። ስታዲየም ረግጦ የማያውቅ የገጠር ሰው እንኳን ለገበያ ሲመጣ መናኸሪያውንና ወፍጮ ቤቱን ስለሚያውቅ ኳሷ የት እንዳለች ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ጎል ሲገባብን አይጮኹም። ዝም ይላሉ፣ ውኃ ሲጎነጩ ይሰማል፣ ከዚያ «እንግዲህ ሆኗል» ይላሉ፤ አገሩ ሁሉ አብሯቸው ይተክዛል። እርግጥ ዳኛ የሚባል ፍጡር አይወዱም፤ በእረፍት ሰዓትም የጠፋ በሬ ያስነግሩ ነበር። አንድ ጊዜ በሬው ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ ተገኘና የማዕዘን ምት አቋርጠው ምሥራቹን ነገሩን። ቢሆንም እወዳቸዋለሁ። ጉሮሯቸውን ታመው ያቆሙ ቀን ከቤቴ ሰው የጎደለ ያህል ነበር ያዘንኩት።

በእሳቸው ቦታ የገባው ልጅ ጩኸታም ነበር። በእጅ ውርወራ ይጮኻል፣ በተጫዋች ቅያሪ ይጮኻል፣ ኳስ አቀባዩ ኳስ ሲያቀብልም ይጮኻል። ጎል የገባ መስሎን ስንት ጊዜ እንደተቃቀፍን፣ ከዚያም እንዴት ተፋፍረን እንደተላቀቅን እኛ ነን የምናውቀው። ደም ግፊት ያለባቸው አዛውንቶች በልጆቻቸው ሬዲዮ ተነጠቁ። ዓመት ሳይሞላ ድምፁ ተዘጋና ተገላገልን አልን።

ከዚያ መሳፍንት መጣ። መሳፍንት የሌላ ከተማ ልጅ ነው፤ ሦስት ወር ሠልጥኖ ክንድ ሙሉ ወረቀት ታቅፎ ነው የደረሰው። ወረቀቱ ላይ የዓለም ተጫዋቾች ሁሉ ቁመት፣ ክብደትና የትውልድ ቀን ሰፍሯል። ስታዲየም ገብቶ አንዴ ከተቀመጠ ቀና አይልም፤ ያነባል። የእኛ ልጆች በረኛው ፊት ሲራኮቱ እሱ የአውሮፓን ዋንጫ ታሪክ ይተነትናል። ጎል ገብቶ ስታዲየሙ ሲናጥ «አድማጮቻችን፣ ደጋፊው በጣም ተደስቷል፤ ምክንያቱን እናጣራለን» ይላል። ይህን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው ሲወቅሰው ደግሞ «እኔ ባለሙያ ነኝ፤ እናንተን ያበላሻችሁ የአቶ ኅሩይ ወሬ ነው» ይላል። ለዚህ ብቻ እንኳን ይቅር አልለውም።

በእኛ ከተማ ስታዲየም የሚገባ ሰው ሬዲዮ ይዞ ነው የሚገባው። በዓይኑ ያየውን በጆሮው ካልሰማ ያየ አይመስለውም። መሳፍንት ከመጣ በኋላ ግን ነገሩ ግራ አጋቢ ሆነ፤ ዓይናችን አንድ ጨዋታ ያያል፣ ጆሯችን ሌላ ጨዋታ ይሰማል። እኛስ ዓይን አለን፤ የባሰበት ጋሽ ወንድይራድ ነው።

ጋሽ ወንድይራድ በጉብዝናው ዘመን የከተማችን በረኛ ነበር። ግላኮማ ዓይኑን ከወሰደበት ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሁድን ግን አንድም ቀን አላጓደለም። ጥላ ፎቅ ሥር፣ ፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጣል። በአቶ ኅሩይ ጊዜ ከእኛ እኩል ያይ ነበር፤ እንዲያውም ዳኛውን ከእኛ ቀድሞ የሚሰድበው እሱ ነው። መሳፍንት የጀመረ ዕለት ግን ግማሽ ሰዓት ያህል በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ወደተቀመጠው ልብስ ሰፊ ወደ ሸዋንግዛው ዞረ።

«ሸዋንግዛው፣ ጨዋታው አልተጀመረም እንዴ?»

«ተጀምሮ ሁለት ለባዶ እየተመራን ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወንድይራድ ሬዲዮውን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታውን የሚነግረው ሸዋንግዛው ሆነ።

ሸዋንግዛው አነጋገሩን ያገኘው ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ «አሥራ አንድ ቁጥር፣ ሳምሶን ይዟታል» ሲለው ጋሽ ወንድይራድ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። ሳምሶን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንዴት አድርጎ ይየው? ስለዚህ ሸዋንግዛው አንድ ዘዴ ዘየደ። እያንዳንዱን ልጅ በዱሮ ተጫዋች ስም ይጠራው ጀመር፤ አሯሯጡ ማንን እንደሚመስል እያየ። ሳምሶን ሽብሩ ሆነ። ሽብሩ በጋሽ ወንድይራድ ዘመን የቀኝ ክንፍ ነበር፤ ተከላካይ ሊያልፍ ሲል ቀኝ ትከሻውን ጣል የሚያደርግ ተንኮለኛ። «ሽብሩ በመናኸሪያው በኩል ይዟታል፣ ጋሼ፤ ያንን ትከሻውን ጣል አደረገ» ሲለው ጋሽ ወንድይራድ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ የራሱ ትከሻ ጣል ይላል። አንድ ቀን ይህን አይቼ እንባዬ መጥቷል፤ አልዋሽም።

ቀስ በቀስ ጥላ ፎቁ ውስጥ ያለው ሰው ሬዲዮውን እየዘጋ ወደ ፊተኛው አግዳሚ መጠጋት ጀመረ። ዓይን ያለው ሁሉ ለዓይነ ስውሩ የሚነገረውን ለመስማት አንገቱን ያሰግጋል። የመሳፍንት ጠረጴዛ ደግሞ ከእነሱ በላይ ሦስት ደረጃ ብቻ ነው የሚርቀው።

ለዋንጫ ለማለፍ የተጫወትን ዕለት ጎሉ የገባው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። ሳምሶን አገባ። መሳፍንት ሕዝቡ ሲጮኽ ከወረቀቱ ቀና ቢል ልጆቹ በደስታ ተደራርበው ተኝተዋል፣ ማን እንዳገባ አይለይም። ከታች ግን «ሽብሩ ነው፣ ጋሼ፤ ሽብሩ አገባት» የሚል ድምፅ ሰማ። እሱም ለመላው አውራጃ «ሽብሩ አገባ» ብሎ አስተላለፈ። በዚህም አላበቃም። ባለሙያ ነውና ትንታኔ ጨመረበት፦ «ሽብሩ በዚህ ዓመት ድንቅ ብቃት ላይ ይገኛል።»

ሽብሩ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገጠር ያለች እህቱ ይህን በሬዲዮ ሰምታ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶብስ መጣችና ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ «ወንድሜን አሳዩኝ» ብላ ተቀመጠች። አስረድቶ ለመሸኘት ግማሽ ቀን ፈጀ። የጣቢያው ኃላፊ ለመሳፍንት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡት። መሳፍንትም ያንን ደብዳቤ እንደያዘ ለስታዲየሙ ኮሚቴ ክስ አመጣ፤ ልብስ ሰፊው ሸዋንግዛው ለአንድ ዓመት ስታዲየም እንዳይገባ ይከልከል የሚል።

የዋንጫው ጨዋታ በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር። ከተማችን ለመጨረሻ ጊዜ ለዋንጫ የደረሰችው በረኛው ራሱ ጋሽ ወንድይራድ በነበረ ጊዜ ነው። ሸዋንግዛው ከተከለከለ ጋሽ ወንድይራድ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃትን ቀን በጨለማ ሊቀመጥባት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ዓባይነህ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስብሰባም የሚመሩት እንደ ክፍል ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ሸዋንግዛው የስፌት መለኪያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጥቷል፤ ጋሽ ወንድይራድ በዱላው ተመርኩዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ክሱን አሰማን» አሉ አቶ ዓባይነህ።

መሳፍንት ተነሥቶ አነበበ። «አንደኛ፣ ተከሳሹ ያለ ፈቃድ የጨዋታ ስርጭት ያካሂዳል። ሁለተኛ፣ አድማጮቼን ወስዶብኛል። ሦስተኛ፣ የሞተ ሰው በማጫወት የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶኛል።»

አቶ ዓባይነህ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስተኛውን ድገመው።»

ደገመው።

«መረጃውን የሰጠው ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ጠይቀኸው ነው?»

«አልጠየቅሁትም። ለጋሽ ወንድይራድ ሲናገር ይሰማኛል።»

«ጎሉ ሲገባ አንተ የት ነበርክ?»

«ጠረጴዛዬ ላይ።»

«ከጠረጴዛህ ሜዳው አይታይም?»

«እንዴት አይታይም፣ ክቡር ሰብሳቢ? ከዚያ የተሻለ ቦታ ስታዲየሙ ውስጥ የለም።»

«እና ምን አየህ?»

መሳፍንት ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «በዚያ ደቂቃ ስለ ሰማንያ ሁለቱ የዓለም ዋንጫ እያብራራሁ ነበር።»

የኮሚቴው አባላት ሁሉ አንድ ላይ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔም እንዳልስቅ ብዕሬን ነከስኩ። አቶ ዓባይነህ ግን ፊታቸው አልተፈታም፤ ወደ ሸዋንግዛው ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሰው አልጠራሁም፣ ክቡር ሰብሳቢ። ቀስ ብዬ ነው የምናገረው፤ የሚጠጉት እነሱ ናቸው። ሽብሩ መሞቱንም አውቃለሁ፤ የቀብሩን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ግን ጋሽ ወንድይራድ የሚያያቸው ልጆች እነዚያ ብቻ ናቸው። የማያውቀውን ስም ብጠራለት ምን ያይበታል?»

አቶ ዓባይነህ ልባቸው እንደተነካ አውቄያለሁ፤ ነገር ግን ደንብ የሚሉት ነገር አለባቸው። ደንቡን ከመሳቢያ አውጥተው ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት።

«ጥላ ፎቅ ውስጥ ስርጭት የሚፈቀደው ለሬዲዮ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ሸዋንግዛው ይግባ፣ ነገር ግን እሁድ አፉን ይያዝ። ጋሽ ወንድይራድ ደግሞ እንደ ማንኛውም አድማጭ ሬዲዮ ይከታተሉ። ይህ ሁላችሁንም ያስማማል ብዬ አስባለሁ።»

ማንንም አላስማማም። ከመሳፍንት በቀር። እሱ ወረቀቱን ሰብስቦ ፈገግ አለና ወደ ጥጉ ዞረ።

«ለእርስዎም የሚሻለው ይኸው ነው፣ ጋሼ። ኳሱን ካላዩ የሚነገርዎት እውነት ይሁን ውሸት በምን ያውቃሉ? ማየት ለማይችል ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው።»

ሸዋንግዛው ሊነሣ ሲል ጋሽ ወንድይራድ በእጁ ዳብሶ ጉልበቱን ያዘውና አስቀመጠው። ፊቱ አልተቆጣም። እንዲያውም ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ይመስል ነበር።

«አቶ ዓባይነህ፣ አንድ ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ?»

«ይናገሩ እንጂ።»

«ልጄ መሳፍንት፣ አልተቀየምኩህም። እኔ ሃያ ዓመት ሳላይ ኳስ የተከታተልኩ ሰው ነኝ፤ ችግሩን አውቀዋለሁ። አንተ ገና ጀማሪ ነህ። ሦስት ደረጃ ሽቅብ ሆኖ እያሰገጉ መስማት አንገት ያሳምማል፣ ስምም ያሳስታል። እሁድ ወረቀትህን ቤት ትተህ ና፣ ማይክሮፎንህን ይዘህ አጠገቤ ተቀመጥ። እንደዚያ ከሆነ የሸዋንግዛውም ንግግር በሬዲዮ የሚተላለፍ ነውና ደንቡ አይከለክለውም። አትሳቀቅ፤ አግዳሚው ለሁለት ዓይነ ስውር ይበቃል።»

አቶ ዓባይነህ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዳለ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «የጋሽ ወንድይራድ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ።