ቅቤ የተቀባው ነጋሪት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» በሉኝ እንጂ! እንዲህ እየተጎተታችሁማ አልጀምርም። እስቲ እንደገና። እህ፣ አሁን ጆሯችሁ ተከፈተ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሲናገር ዕቃም ሲመልስለት፣ አንድ ምንጭ ብቻ ያለበት የቆላ አገር ነበር። ዝሆኑም ከዚያ ይጠጣል፣ ጉንዳኑም ከዚያ ይጠጣል። ስለዚህ በየአምስት ክረምቱ እንስሳቱ ተሰብስበው የምንጭ ጠባቂ ይመርጣሉ። አመራረጡ ቀላል ነው። ሁለት ቅል ይቀመጣል፤ ሁሉም አንድ አንድ ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ ጠጠሩን በወደደው ተወዳዳሪ ቅል ውስጥ ይጥላል። ጠጠር የበዛለት ምንጩን ይረከባል።

ከምንጩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ አባ ጉምጉም የሚባል ነጋሪት ተቀምጦ ነበር። ምርጫው በሚደረግበት ቀን ማለዳ ይጎሰምና የአንዱን ስም ይጠራል። «ጉም! ጉም! ለምንጩ የሚሻለው እገሌ ነው!» ይላል። ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ሦስቱም ተመረጡ። አገሩ ሁሉ «አባ ጉምጉም የጠራው አይወድቅም» ማለት ጀመረ። አባ ጉምጉምም «እኔ ያልጎሰምኩለት ምንጩን አያየውም» እያለ ሆዱን ነፋ። ነጋሪት እንደሆነ ሆዱ ድሮም የተነፋ ነው።

ምስጢሩን ግን ማንም አያውቅም፤ እሱና መምቻው ብቻ። መምቻው ቀጭን፣ ነገረኛ የወይራ እንጨት ነው። በዚያ ዘመን መምቻ ብቻውን ይሄድ ነበር። አትሳቁ! ዛሬስ ያለ እግሩ አገር የሚያዳርስ ወሬ አለ አይደል? ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው መምቻው እየነጠረ ይወርድና በየመንገዱ ላይ ያለውን ኮቴ ያያል። ሲመለስ አባ ጉምጉም ይጠይቀዋል።

«ኮቴ ወዴት ይበዛል?»

«ወደ እገሌ ቤት።»

«እንግዲያው እኔም እገሌን እላለሁ!»

ሕዝቡን ከኋላ ሆኖ እየተከተለ ከፊት የሚመራ ይመስል ነበር። ይህን ያደረገውም በፍርሃት ነው። የአገሩ ሕግ «የሚሸነፈውን የጠራ ነጋሪት ቆዳው ተገፎ ጠፍር ይሁን» ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው ነጋሪት ተሳስቶ ጠርቶ፣ ቆዳው ዛሬ ጎሽ የሚተኛበት አልጋ ጠፍር ሆኗል። ጎሽ በተገላበጠ ቁጥር ያ ጠፍር ሲጥ ሲል፣ ድምፁ ጉብታው ድረስ ይሰማል። አባ ጉምጉም ያን በሰማ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

እነሆ አራተኛው ምርጫ ደረሰ። ሁለት ተወዳዳሪ ቀረበ። አንዱ አምስት ክረምት ምንጩን የጠበቀው አያ ከርከሮ ነው። ጠበቀው ከተባለ! ጧት ይገባበታል፣ ማታ ይንከባለልበታል። ምንጩ ረግረግ ሆኖ ውሃው በጭቃ ተተካ። ሁለተኛዋ እመት ጃርት ናት። እሾኋ ያስጠላል፤ ምላሷም ከእሾኋ አይተናነስም፤ ወዳጅም የላትም። ነገር ግን እንደ እሷ መሬት የሚቆፍር አልተፈጠረም። «ምረጡኝና ጭቃውን እጠርገዋለሁ» አለች። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ቀድሞ የጮኸው አውራ ዶሮ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «ከርከሮ ይሻላል!» አለ። ለምን አይል? ከርከሮ በአፍንጫው አፈሩን ሲገለብጥ ዶሮ ከኋላ ሆኖ ምስጡን ይለቅማል። ከዚያ ቁራ ቀጠለ። ቁራ አምስት ክረምት ሙሉ ከርከሮን ሲሰድበው ኖሮ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው «አሰብኩበት፤ ከርከሮ ይሻላል!» አለ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ የቀረ ሁሉ የቁራ ምሳ መሆኑን ግን አልተናገረም።

የቀረው አባ ጉምጉም ነው። አገሩ ሁሉ አንገቱን ወደ ጉብታው አቀና።

በመጀመሪያው ቀን መምቻው ወርዶ ተመለሰ።

«ኮቴ ወዴት ይበዛል?»

«ወደ ከርከሮ ጎሬ።»

«እፎይ! ተገላገልኩ!» አለ አባ ጉምጉም።

ወዲያው አያ ከርከሮ ራሱ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ እያለከለከ ጉብታውን ወጣ።

«ጌታዬ አባ ጉምጉም፣ ቆዳዎ በፀሐይ ደርቆ ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ትንሽ ልቀባዎት።»

«ኧረ ተው፣ ምን አስቸገረህ?»

«‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› ይባላል። እኔ ደግሞ ብቻዬን መብላት አልወድም።»

አሸው፣ ደባበሰው፣ እስከ ጠርዙ ድረስ ቀባው። አባ ጉምጉም ዓይኑን ጨፍኖ ተመቻቸ። ከርከሮ ሲሄድ ግን መሃል ቆዳው ላይ አንድ ነገር ይበላው ጀመር። ወዲያ ቢንከባለል በላው፤ ወዲህ ቢንከባለል በላው። ማከኪያ እጅ የለው ነገር!

በሁለተኛው ቀን መምቻው ወርዶ ተመለሰ።

«ኮቴ ወዴት ይበዛል?»

«ወደ ጃርት ጉድጓድ።»

«ምን? ትናንት ወደ ከርከሮ አላልከኝም?»

«ትናንት ትናንት ነው። ዛሬ ዛሬ ነው።»

አባ ጉምጉም መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ቅቤውን ተቀብሏል፤ ኮቴው ዞሯል፤ ከታች የጎሽ አልጋ ሲጥ ይላል። «ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ!» እያለ ሲተክን እመት ጃርት እሾኋን እያንኳኳች መጣች። እጇ ባዶ ነው።

«ስሜን ጥራልኝ ሊሉኝ ነው የመጡት?» አላት።

«አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ጉብታው ላይ ተቀምጠህ ምንጩ ከሥርህ ነው። ምን አየህ?»

«እኔ... እኔ የማየው መንገዱን ነው።»

«መንገዱን ነው? ይሁን እሺ። ገላህ የአሮጌ ዋንዛ እንጨት ነው፤ ቆዳህ ግን አዲስ ነው። ከሦስት ክረምት በፊት የቀድሞው ሲቀደድ ነው የተለወጠው። የማን ቆዳ ነው?»

አባ ጉምጉም ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ከታች ላም ቦራ አለች» አለች ጃርት። «በየቀኑ በዚህ ታልፋለች። ለምን ቀና ብላ እንደማታይህ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

ይህን ብላ ሄደች። አባ ጉምጉም አልጠየቀም፤ መልሱን ስለሚያውቀው ነው። ዳለቻ የሚባል ወይፈን ነበር፤ የላም ቦራ ልጅ። በከርከሮ ዘመን፣ በበጋ፣ ሊጠጣ ወርዶ ጭቃው እስከ ደረቱ ያዘው። ሙሉ ቀን «እምቧ!» ሲል ዋለ። አባ ጉምጉም ከጉብታው ሆኖ ያየው ነበር። አንድ ጊዜ «ጉም!» ቢል አገር ይደርስለት ነበር። እሱ ግን ጠባቂው ይቀየመኛል ብሎ ዝም አለ። ዳለቻ ሞተ፤ ቆዳውም ለነጋሪቱ ተወጠረ። የሚበላው ያ ነው፤ የሚበላው ያ ነው!

በሦስተኛው ቀን መምቻው ወርዶ ቆየ። ቆየ፣ ቆየና ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ኮቴ ወዴት ይበዛል? ቶሎ በል!»

«ወደዚህ» አለ መምቻው።

«ወዴት ወደዚህ?»

«ወደ አንተ። ጉብታውን ዙሪያውን ረግጠውታል፤ የዝሆኑም የሚዳቋዋም ኮቴ አለበት። ላም ቦራ ብቻ ናት በመንገዷ ያለፈችው። ሚዳቋን ‹ማንን ትመርጫለሽ?› አልኳት። ‹እኔ ምን አውቄ! ትናንት ጃርት ጋ፣ ከትናንት በስቲያ ከርከሮ ጋ ሄድኩ፤ ሌላው ምን እንደሚል ልስማ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ አባ ጉምጉም እስኪናገር ጉብታውን እዞራለሁ› አለችኝ። ሁሉም እንደ እሷ ናቸው።»

አባ ጉምጉም ደነገጠ። እሱ እነሱን ይጠብቃል፤ እነሱ እሱን ይጠብቃሉ። ምንጩን የሚያይ ግን አንድም የለም! ከዶሮና ከቁራ በቀር የተናገረ ስለሌለ፣ ዝም ካለ ከርከሮ መመረጡ አይቀርም። የከርከሮን ስም ከጠራ ቆዳው ይተርፋል። የጃርትን ስም ከጠራ ግን፣ ወዳጅ የላትምና ባይከተሉትስ? ጠፍር መሆኑ ነው።

ነጋ። እንስሳቱ ጠጠራቸውን ይዘው ተሰበሰቡ። ሁለቱ ቅሎች ተቀመጡ። አያ ከርከሮ ፊት ቆሞ ጢሙን ይጠርጋል።

«ማን ብዬ ልምታ?» አለ መምቻው በሹክሹክታ።

«አንተ ምታ። ስሙን እኔ እናገራለሁ።»

መምቻው ተነሥቶ መታ። «ዱፍ!»

«አልሰማንም!» አሉ እንስሳቱ።

ደግሞ መታ። «ዱፍ!»

«አልሰማንም!»

በሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። «ዱፍ!» እርጥብ ጨርቅ የተመታ ይመስላል። ቅቤው ቆዳውን አርሶ አለስልሶታል፤ የረሰረሰ ቆዳ ደግሞ አይጮህም። አገሩ በሳቅ አውካካ። ከርከሮ ብቻ ላብ አጠመቀው። «ስሜን በል እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ቅረቡ» አለ አባ ጉምጉም በቀጭን ድምፅ። «መጮህ ስላቃተኝ ቅረቡ።»

ቀረቡ። ዝሆን ጆሮውን እንኳ ማርገብገብ ተወ።

«ድምፄን የዋጠው ቅቤ ነው። የቀባኝ አያ ከርከሮ ነው፤ ተመቻችቼ የተቀባሁት ግን እኔ ነኝ። ሌላም አለ። ሦስት ጊዜ የጠራሁላችሁ ስም የእኔ ምርጫ አልነበረም። መምቻዬን እየላክሁ ኮቴያችሁን አይቼ፣ የሄዳችሁበትን መልሼ ነገርኳችሁ። ዛሬ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። ዳለቻ ግን ጭቃው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ አይቻለሁ። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ይኸው ቆዳው በላዬ ነው። ለምንጩ የሚሻለው ጃርት ናት። ከተሸነፈች ጠፍሩ እኔ ነኝ። ነገር ግን ስለ እኔ ብላችሁ ጠጠር አትጣሉ፤ ምንጩ ከዚህ መቶ እርምጃ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት!»

 ከዚያ ከኋላ መንገድ ተከፈተና ላም ቦራ መጣች። ቀስ ብላ ጉብታውን ወጣች። ቆዳውን አሸተተች። አንዴ አሸተተች፣ ሁለቴ አሸተተች፣ በሦስተኛው ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ዳለቻዬ!» አለች።

አባ ጉምጉም በቀንዷ ትበሳኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን እንደ አዲስ ጥጃ ትልሰው ጀመር። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ያንን ቅቤ ሁሉ፣ በሻካራ ምላሷ ልሳ ልሳ ጨረሰችው። ፀሐይዋም በረታች፤ ቆዳው ደረቀ፣ ተወጠረ። መምቻው ማንም ሳያዝዘው ዘለለ።

«ጉ-ው-ም!»

ድምፁ የዳለቻ እምቧታ ነበር የሚመስለው። ላም ቦራ ዞር ብላ ቁልቁል ወደ ምንጩ ሄደች። ዝሆን ተከተላት። ሚዳቋ ተከተለች። ሁሉም ሄደው በዓይናቸው አዩ፤ አንዳንዱ ያንን ሁሉ ጊዜ የጠጣውን ሲያይ አፉን ያዘ። ሲመለሱ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ጠጠሩን ጣለ። የጃርት ቅል ሞልቶ ፈሰሰ።

ዶሮ ወዲያው ጣሪያ ላይ ወጣና «እኔ ነኝ ያስመረጥኳት!» አለ። ቁራም «ኧረ እኔ ነኝ!» አለ። ምን ይደረግ፣ እነሱ እነሱ ናቸው።

እመት ጃርት ሰባት ቀን ቆፈረች። በሰባተኛው ቀን ጥሩ ውሃ ፈለቀ፤ ከጭቃውም ሥር ዳለቻ በአንገቱ ያንጠለጥለው የነበረው ቃጭል ወጣ። ላም ቦራ ቃጭሉን ወስዳ ከአባ ጉምጉም ጠርዝ ላይ አሰረችው። ከዚያ ወዲህ መምቻው አንድ ጊዜ «ጉም!» ባሰኘው ቁጥር ቃጭሉ «ቅጭል!» ይላል። አባ ጉምጉም ዕረፍት አገኘ እንዳትሉ። አላገኘም። ነፋስ እንኳ ሲነፍስ ያ ቃጭል ይነቀንቀዋል፤ ያን ጊዜ ብድግ ብሎ ቁልቁል ምንጩን ያያል።

አምስት ክረምት አልፎ እንስሳቱ እንደ ልማዳቸው ጉብታውን ከበው «አባ ጉምጉም፣ ዘንድሮስ ማንን እንምረጥ?» ቢሉት፣ ቃጭሉ «ቅጭል!» አለ። እሱም «መጀመሪያ ወርዳችሁ ውሃውን ቅመሱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አላቸው ይባላል።

ነጋሪት ሰምቶ ጠጠር የጣለ፣ ጭቃ ሲጠጣ ኖረ።

ተረቴን መልሱ፤ ጉሮሮዬን በጠራ ውሃ አርሱ።