የሁዳዴ ጆንያ

አንድ ቀን፣ ደብረ ዘይት በዋለ በማግስቱ፣ ሽብሩ ከነአህያው ተያዘ። ሽብሩ ከታች ሰፈር በአህያ ጋሪ ቆሻሻ እየሰበሰበ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። የላይ ሰፈሩን፣ የሹማምንቱንና የነጋዴዎቹን ቆሻሻ ደግሞ በመኪና የሚያነሱት አቶ ወንድይፍራው ናቸው። በከተማው አዲስ ደንብ ወጥቶ፣ ቆሻሻ ገደል ውስጥ የደፋ ፈቃዱን ይነጠቃል ተብሏል። የአቶ ወንድይፍራው መኪና ግን እስከ ማስወገጃው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ ሰልችቶት፣ በየጠዋቱ ገደሉ አፍ ላይ ይገለብጣል። ይህን የማያውቀው የጽዳት ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው።

ሽታው ሲበረታ ሕዝቡ ጮኸ፤ ጥፋተኛ ተፈለገ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እዚህ ግን መኪናውን ፈርተው አህያዋን ያዙ። እሷም ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ታስራ የመንግሥትን አበባ ትግጥ ጀመር።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ኅሩይ፣ ጾም በገባ ቁጥር ነጠላ አጣፍተው ቢሮ የሚገቡ፣ ማኪያቶ የያዘ ሠራተኛ ካዩ ቆመው የሚገሥጹ ሰው ናቸው። ሽብሩን አስጠሩት፤ አቶ ወንድይፍራውም ምስክር ሆነው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ከገደሉ የወጣ አንድ ጆንያ ማስረጃ ተብሎ ወለሉ መሐል ቆሟል።

«ይህ ያንተ ነው አይደል?» አሉት አቶ ኅሩይ። «ካመንክ ፈቃድህን ብቻ እንነጥቅሃለን። ከካድክ አህያህም ትወረሳለች።»

«ሳላየው እንዴት ልመን ጌታዬ? ይፈታልኝና ልየው።»

ጆንያው ተፈታ። ሽብሩ ጎንበስ ብሎ አገላበጠው። የእንቁላል ቅርፊት ወጣ፤ ቅቤ የተቋጠረበት ላስቲክ ወጣ፤ ከሥር ደግሞ በቅጡ ያልተጋጠ የበግ ጎድን ወጣ።

«የኔ አይደለም» አለ ቀና ብሎ። «የታች ሰፈር ሰው እየጾመ ነው። ሰሞኑን የምጭነው የሽንኩርት ልጣጭና አመድ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ሳቁ። «ሰፈሩ ሁሉ መነኩሴ ነው እንዴ? ጾም የሚገድፍ አንድ ሰው አይጠፋም።»

«አይጠፋም ጌታዬ» አለ ሽብሩ። «ግን የኛ ሰፈር ሰው ጾም ቢገድፍ እንኳ እንዲህ ያለ አጥንት አይጥልም። ጠዋት ይግጠዋል፣ ማታ ይቀቅለዋል፣ በማግስቱ ለጎረቤት ያውሰዋል። የዚህ አጥንት ባለቤት የገደፈው ርቦት አይደለም፤ ጠግቦ ነው።»

አቶ ኅሩይ ጎድኑን አዩት፤ ቶሎ ብለውም ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መኪናው በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚቆመው እሳቸው በር ላይ መሆኑን እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«በቃ፣ እሰሩት ጆንያውን» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «አህያዋ ትፈታ፤ ፈቃዱም አይነካ። የመኪናው ጉዳይ በኮሚቴ ይጠናል። አንተም ይህን ቆሻሻ በጋሪህ ጭነህ ከፊቴ አጥፋልኝ።»

ሽብሩ እጅ ነሣ።

«እሱን እንኳ ይማሩኝ ጌታዬ። መንገድ ላይ የንስሐ አባትዎ አግኝተውኝ ‹በሁዳዴ ይህ የማን አጥንት ነው?› ቢሉኝ፣ የማን ነው ልበላቸው?»