ለጎማው አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ

አንድ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ ፎቶ ቤት እየተቻኮለ ገባ። እናቱ እሑድ ሰባ ዓመት ይሞላታል። በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የእማዬን ፎቶ አንድ ሜትር አሳትሜ ሳሎን እሰቅላለሁ» ብሎ ጽፏል። ታላቅ እኅቱ «እናያለን» ብላ መለሰችለት። «እናያለን» የምትል ታላቅ እኅት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት የለም።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አጸደ ትባላለች። የሰፈሩ ሰው ናት፤ በስም ይጠራራሉ። ስልኩን ሰጣት። ፎቶው ከአንድ የምርቃት ድግስ የተወሰደ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ተደርድሮ ተነሥቶ ሲያበቃ፣ ከኋላ ረድፍ የእናቱን ፊት ብቻ ቆርጦ አውጥቶታል።

«የእማዬ ፎቶ ነው፤ አንድ ሜትር ቁመት» አላት።

አጸደ ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተችው። አልሣቀችም። ቆጠረች።

«ደጀኔ፣ ፎቶ ማለት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ማለት ነው። የአንተ ወርዱ ስድሳ ነጥብ፣ ቁመቱ ሰማንያ ነው። ጥርት ብሎ እንዲታተም ደግሞ በአንድ ኢንች ላይ ሦስት መቶ ያህል ነጥብ ይፈልጋል። ስለዚህ እናትህን ጥርት አድርጌ ማተም የምችለው በሰባት ሚሊ ሜትር ነው።»

«ሰባት ምን?»

«ሚሊ ሜትር። ከሸሚዝህ ቁልፍ ትንሽ ያንሳሉ።»

«ለጥጪያት!»

«ልለጥጥ። አንድ ሜትር ላይ እያንዳንዷ ነጥብ ባቄላ ታክላለች። ለአንድ ዓይናቸው ብሌን የደረሰው አራት ባቄላ ነው። አራት ባቄላ ሳሎን ትሰቅላለህ?»

ሰውየው ተስፋ የሚቆርጥ አይደለም። «አሁን እኮ የሚያጠራ ፕሮግራም አለ» አላት። አለ፤ እሷም ጋ አለ። ጫነችው፤ ጠበቁ። ፊቱ ጠራ። ጥርሷ የተሟላ፣ ቆዳዋ ያልተሸበሸበ፣ የሠላሳ ዓመት ቆንጆ ሴት ብቅ አለች።

«ማን ናት?» አለ ደጀኔ።

«እኔም አላውቃት። ፕሮግራሙ ያላየውን ገምቶ ሞላው።»

ከዚያ አጸደ ስልኩን አንሥታ ሌሎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከአራት ሺህ በላይ ናቸው። መኪናው ከፊት፣ መኪናው ከጎን። ክትፎ። የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ። አንድ ጎማ፤ ለዚያውም ከቅርብ፣ ጎኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል።

«ይሄ ጎማ አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ አለው» አለችው። «አንድ ሜትር ብትል አሁኑኑ አትምልሃለሁ። ከሩቅ ለሚታይ ፎቶ በኢንች መቶ ነጥብ ይበቃል፤ ይሄ ልክ እሱን ይሞላል። እናትህ ስድሳ በሰማንያ፣ አራት ሺህ ስምንት መቶ ነጥብ ናቸው።» ስልኩን መለሰችለትና፣ «በሕይወት አሉ?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው! እሑድ ሰባ ዓመት ይሞላታል እኮ!»

«የት ነው ያሉት?»

«ደሴ።»

«ከዚህ ደሴ በሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ግማሽ ሰዓት... ቢበዛ አርባ ደቂቃ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ሊወጣ ሲል ጠራችው። «መስኮት አጠገብ አስቀምጣቸው። በጣትህ ስክሪኑን እየለጠጥክ አታቅርባቸው፤ ነጥብ ታባክናለህ። በእግርህ ቅረብ።»

ደሴ ደረሰ። እናቱ በሩን ከፍታ ስታየው ደረቷን ያዘች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ፎቶ ላነሳሽ ነው።»

«ትልቅ ነው?»

«አንድ ሜትር።»

«እንግዲያው የሞትኩት እኔ ነኝ! በዚህ ሰፈር ትልቅ ፎቶ ያየሁት ልቅሶ ቤት ብቻ ነው።»

እየተሟገቱ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ስልኩን ደገነ። አንድ እርምጃ ቀረበ። ሌላ እርምጃ ቀረበ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አደረገ።

«እማዬ፣ የግራ ዓይንሽ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«እሱማ ከመስቀል ጀምሮ ነው። በዚህኛው አላይም።»

«ስምንት ወር! በየሳምንቱ እየደወልኩ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ደኅና ነሽ?› ትለኛለህ፤ ‹ደኅና ነኝ› እልሃለሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ጥሩ አይደለም ብለህ ትዘጋለህ።»

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ልጅ ነው? አይደለም። በየሳምንቱ ይደውላል። ለእናቱ ልደት ይሯሯጣል። ፍቅሩ ግን ከሩቅ የተነሣ ነበር፤ እሱን ለጥጦ ሳሎን ሊሰቅል ፈለገ። አንድ ሜትር ላይ ደግሞ የጎደለው ሁሉ ይታያል።

እኛስ? ለባለቤታችን ስንት ነጥብ ደርሷታል? ለልጆቻችንስ? አባት ሆይ፣ ልጅህ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ታውቃለህ፤ ማታ ማታ ምን እንደሚያስፈራው ታውቃለህ? ያላየኸውን ገምተህ ሞልተኸው እንደሆነስ? እቤትህ ያለውን ትተህ፣ የገመትከውን ልጅ እያሳደግክ እንደሆነስ?

ጌታም ዘንድ እንዲሁ ነን። በሳምንት አንድ ቀን ከኋላ ረድፍ ቆመን ራሳችንን እናሳያለን። መከራ ሲመጣ ግን «እምነቴን አንድ ሜትር አድርግልኝ» እንላለን። ከምን ተነሥቶ? እሱ እንኳ የፈወሰውን ዕውር ከሩቅ አልፎት አልሄደም፤ ቆመ፤ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ መልሱንም ሰማ።

የዚያን እሑድ ሳሎኑ ውስጥ ምንም አልተሰቀለም። ሰኞ ጠዋት እናታቸው ዓይን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስለነበራት፣ ልጆቹ ሁሉ ማን አብሯት እንደሚገባ ሲከራከሩ ዋሉ። እናትየዋም ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትከራከር ነበር።

አሁን እየሰማችሁኝ ሳለ አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል። ስሙን እኔ አላውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሁለት ገጽ ይቀረኝ ነበር፤ አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ። አሁን የተነሣ ሰው እሱ ዘንድ ለምሳ ይደርሳል።